ባዶ እጇን የተራመደችው

ሐይቅ፣ የካቲት 1973 ዓ.ም.

እማ፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታዬ በዚያ በአሰብ ወበቅ ላይ እንደ ማለዳ ንፋስ ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ? ያ ስታጎነብሺ ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር በሙቀቱ ላላልሽ ወይስ ባሰብሽ? እትዬስ አራስ ቤቱ እንዴት ይዟታል? ሕፃኑ ማንን መሰለ? እሷን ከሆነ እሰየው፣ ባሏንም ከሆነ አልሐምዱሊላህ፤ ብቻ ጆሮው የእኛን ቤት ጆሮ እንዳይሆን ዱዓ አድርጊለት። እኔ በአካል ደህና ነኝ። የአባባን ነገር በቦታው እነግርሻለሁ፤ እባክሽ ዘለሽ ወደ ታች አትሂጂ፣ በተራው ድረሺበት።

መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ማንበብ መጀመርሽን የአሰብ መስመር ሾፌሩ አብደላ ሲነግረኝ ከመኪናው ጎትቼ አውርጄ ልስመው ነበር። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን እትዬ ነበረች የምታነብልሽ፤ እኔም እሷ ፊት የማይባለውን እየዋጥኩ ነበር የምጽፈው። ይህን ግን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ፊደሉን አጉልቼ፣ ቃሉንም አራርቄ ጽፌልሻለሁ። በፖስታ ብልከው ካንቺ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ ነው በአብደላ እጅ ያደረግሁት። እሱ ከቤተሰቡ ጋር ምሳ እየበላ ነው፤ እኔ ደጁ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ። በልቶ ሲጨርስ ይነሳል።

ያንቺንም ቃል አድርሶኛል። መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ። «ልጄ በስብሰባ መሐል አባቱን የዝንጀሮ ዘር ነህ ብሎ አዋረደው የሚሉት እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነ ያጠባሁት ጡት ይፋረደው» ብለሻል አለኝ። እማ፣ አልተቀየምኩሽም። ወሬ ከሐይቅ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ እያለ አሰብ እስኪገባ ስንት አፍ ያልፋል። የሆነውን ግን ከእኔ ስሚው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ አፋር በረሃ የሠራሁባቸውን ሁለት በጋዎች ታስታውሻለሽ። ድንቅነሽ የሚሏት ከተገኘች በኋላ ባለው በጋ ነበር የሄድኩት። አንቺ «ልጄ ለፈረንጅ አጥንት ይለቅማል» ማለት አሳፍሮሽ ለጎረቤት «መንገድ ሥራ ገብቷል» ትዪ ነበር። እኔም የምሠራውን አስረድቼሽ አላውቅም። ዛሬ ላስረዳሽ፣ የመጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና።

አዋሽ አጠገብ ያለው ያ አገር ሲያዩት ጠጠርና ገደል ብቻ ነው። ድሮ ግን ሐይቅ ነበረ፤ እንደኛው ያለ ሐይቅ፣ ጉማሬና አዞ የሚዋኝበት። ውሃው በየዘመኑ ያመጣው ደለል አንዱ ባንዱ ላይ እንደተነባበረ የጀንዲ ቁርበት ተኝቷል። በመሐል በመሐሉ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ አለ። ዘመን የሚቆጠረው በዚያ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ያለው ቅንጣት ከቀዘቀዘበት ጊዜ ጀምሮ በጣም በዝግታ እየተለወጠ ይሄዳል፤ ምን ያህል እንደተለወጠ በመሣሪያ ይለኩና አመዱ ከወደቀ ስንት ዘመን እንዳለፈው ያውቃሉ። ከአመዱ ሥር የተገኘ አጥንት ከአመዱ ይበልጣል፣ ከላዩ የተገኘ ያንሳል። አጥንቱ ራሱ ድንጋይ ሆኗል። ዝናብ ገደሉን ሲሸረሽረው ብቅ ይላል። እኛ ፀሐይ ሳትበረታ ተንበርክከን፣ አንዳንዴም በደረታችን እየተሳብን እንፈልጋለን፤ አፈሩን በወንፊት እንነፋለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የዓሣ አከርካሪ፣ የኤሊ ቅርፊት፣ የአዞ ጥርስ ነው።

አንድ ቀን መንጋጋ ጥርስ አገኘሁ። ቀለሙ የተቆላ ስንዴ ይመስላል። የአዞ አልነበረም፣ የዝንጀሮም አልነበረም። መዳፌ ላይ አድርጌ እያየሁ የራሴን መንጋጋ በምላሴ ዳሰስኩ። እማ፣ ያኔ የተሰማኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ማንም ያላየውን እኔ፣ የሸህ ኑርዬ ልጅ፣ አየሁት። ጮኼ ሰው ከጠራሁ በኋላ ፈቀቅ ብዬ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ። ፈረንጆቹ አልሳቁብኝም። መንገድ ይመራን የነበረው የአፋር ሽማግሌም መጥቶ ከጎኔ ቆመ። አጥንቱም ሰላቱም ባንድ ልብ ውስጥ አብረው ሲኖሩ አልተጣሉብኝም ነበር። ያጣላቸው ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ አጥንቶቹ ካሉበት ሙዚየም ጥሪ መጣልኝ። አጥንቱን ከተጣበቀበት ድንጋይ በመርፌ እየፈለፈለ የሚያወጣ ሰው ፈልገው፣ ሥራውን ያውቀዋል ብለው እኔን ጠሩኝ። ዕድሜ ልኬን ሌላ የተመኘሁት ነገር የለም። ትምህርት ቤቱ መልቀቂያ፣ ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ሊሰጡኝ ይገባ ነበር። ሁለቱም «ጓድ ማዕረግን ጠይቅ» አሉኝ።

ጓድ ማዕረግን አታውቂውም፣ አንቺ እትዬ ዘንድ ከሄድሽ ወዲህ ነው የመጣው። ሕዝቡን የሚያነቃው ካድሬ እሱ ነው። ክፉ ፊት የለውም፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሲያናግርሽ የገዛ ወንድምሽ የሚመስል ሰው ነው። «እንኳን አንድ ወረቀት አሥር እፈርምልሃለሁ» አለኝ። «ሕዝቡ ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት። እኔ ብነግረው ካድሬ ነው ብሎ ያልፈኛል። የሸኹ ልጅ በዓይኔ አየሁ ሲለው ግን ይሰማል።» ዕቅዱ እንዲህ ነው፤ የሃይማኖት አባቶች ከፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ ስለ አጥንቱ አስተምራለሁ፤ ስጨርስ «ስለዚህ ፈጣሪ የለም» እላለሁ፤ አባባና ቄስ ወልዴ ተነስተው «ነቅተናል» ይላሉ። አባባ ደረሶቻቸውን ቁርኣን የሚያስተምሩበት ቂርአት ቤትም ከዚያ ወዲያ የውይይት ክበብ ይሆናል። እምቢ ብልስ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እሱ ግን ሳልጠይቀው መለሰልኝ። «ከፈረንጅ ጋር በረሃ ለበረሃ ምን ሲያደርግ ነበር የሚሉህ አሉ። አፋቸውን የያዝኩልህ እኔ ነኝ» አለኝ፣ እጄን ጨብጦ ሳይለቅ።

እማ፣ ውሸት ተናገር ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ የቆመው አብዛኛው እውነት መሆኑ ነው። አጥንቱ ሐሰት ነው ብዬ አባባን ላስደስት አልችልም፤ አይቼዋለሁ። በአጥንቱ አባባን ልምታ ደግሞ እንዴት እጄ ይነሳል?

ሄጄ ለራሳቸው ነገርኳቸው። ከአስር ሰላት በኋላ ነበር፣ ወደ ሐይቁ በሚያየው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «አጥንቱን በዓይንህ አይተሃል?» አሉኝ። አይቻለሁ አልኩ። «በእጅህ ነክተሃል?» ነክቻለሁ አልኩ። «ቆሞ መሄዱን በምን አወቃችሁ? አጥንት አይሄድ» አሉ።

በቃል ብጀምረው አልሆን አለኝ። በመጨረሻ «ይፍቀዱልኝ» ብዬ ተንበረከክሁና ጉልበታቸውን ያዝኩ። የአባባን ጉልበት ስሜ አውቃለሁ እንጂ እንደዚያ ይዤው አላውቅም፤ ምን ያህል እንደከሱ ያወቅሁትም ያኔ ነው። የሰው የጭን አጥንት ከዳሌ ተነስቶ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ እንደሚያዘነብል፣ አንድ እግራችንን ስናነሳ ወደ ጎን የማንወድቀው በእሱ እንደሆነ፣ የዝንጀሮው ግን ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ በጣቴ እየሄድኩ አሳየኋቸው። በረሃ የተገኘው ጉልበት እንደ እርስዎ ያዘነበለ ነው አልኳቸው።

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ «እኔ አደም ከጭቃ ተፈጠረ ብዬ ኖሬያለሁ፣ በዚያው ላይ እሞታለሁ። ያልከውን አልቀበልህም» አሉኝ። ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። «ቢሆንም ዓይንህ ያየውን ለእኔ ብለህ አትካድ። ዓይንህ ያላየውንም ለእነሱ ብለህ አትጨምር። በል አሁን ተነስ፣ ጉልበቴን አደነዘዝከኝ» አሉ።

ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ከከተማውም ከየገበሬ ማኅበሩም ሰው በግድ መጥቶ ሞላ፤ ውስጥ ቦታ ያጣው በመስኮት ቆመ። አባባ ነጭ ጥምጥማቸውን፣ ቄስ ወልዴም የራሳቸውን ጠምጥመው ባንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መፈክር ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ እኔ ተጠራሁ።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ደለሉንና አመዱን ሣልኩ። ጉልበቱን ሣልኩ። ደስ እያለኝ አስተማርኩ ብልሽ ትቀየሚኛለሽ? ለአፍታ የት እንደቆምኩ ረሳሁት። ሰው ዛሬ ከምናያቸው ዝንጀሮዎች አልተወለደም፤ ሊቃውንቱ የሚሉት ለእኛም ለእነሱም በጣም በጣም ሩቅ የሆነ አንድ የጋራ ቅድመ አያት ነበረ ነው አልኩ። አባባን በስም አላነሳሁም፣ ማንንም የዝንጀሮ ልጅ አላልኩም። ፈርቶ የገባው ሰው ቀስ በቀስ አንገቱን ማቅናት ጀመረ። በርበሬ ሻጯ ስህን ተነስታ «ድንቅነሽ ሴት መሆኗን በምን አወቃችሁ?» አለችኝ። በዳሌዋ አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አባባ እንኳ ጢማቸውን ጨበጥ አደረጉ።

ያኔ ቄስ ወልዴ እጃቸውን አወጡ። ክፋት አልነበረባቸውም፣ ነገሩ ስቧቸው ነው። «ልጄ፣ ያቺ ሴት በእጇ ምን ይዛ ተገኘች? ቢላ ቢጤ፣ ምሳር ቢጤ፣ የድንጋይም ቢሆን?» አሉኝ።

ምንም አልኩ። በእሷ ዘመን ካሉት አጥንቶች ጋር የተጠረበ ድንጋይ እስካሁን አልተገኘም፤ የሚገኘው ከዚያ በላይ ባለው፣ ብዙ ዘመን ዘግይቶ በተኛው ደለል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የተራመደችው ባዶ እጇን ነው፣ መሣሪያው በኋላ ነው የመጣው አልኩ።

የተናገርኩት ምን እንደሆነ የገባኝ የጓድ ማዕረግን ፊት ሳይ ነው። «ሰውን ሰው ያደረገው ሥራና የሥራ መሣሪያ ነው» እያለ ነበር በየሳምንቱ ሲያስተምር የከረመው፤ በሕዝብ ፊት ያፈረስኩበት መሰለው። ተነሳ። «መምህራችን ረስቶት ነው፤ ሰውን የፈጠረው ሥራ ነው፣ አይደለም?» አለኝ እየሳቀ። አዎ ማለት እችል ነበር። ግን አላየሁትም። አጥንቱ የሚያሳየው ቀድማ መራመዷን ነው፤ ለምን ቆማ እንደሄደች ገና እየተጠና ነው፣ አይታወቅም አልኩ። «አይታወቅም?» አለ። «እንግዲያው ያቆማት አላህ ነው ልትለን ነው?»

«አላህ አለ የሚል አጥንት አላገኘንም፤ የለም የሚልም አላገኘንም» አልኩ።

«ይህን መልስ ማን አስጠናህ?» አለኝ። ማንም ልል አፌን ስከፍት አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ የነገራችሁ የአጥንቱን ነው። ሌላው የእኔ ነው፤ የምትጠይቁት ካላችሁ እኔን ጠይቁ።»

እማ፣ በተራው ድረሺበት ያልኩሽ እዚህ ላይ ነው። አባባ በዚያው ዕለት ተይዘው ቀበሌው ግቢ ውስጥ ባለው የድሮ እህል መጋዘን ታስረዋል። በሕይወት አሉ። አብሽሪ፣ ተቀመጪና ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ቀጥይ።

በመስኮት የነበረው ሰው የሰማው ዝንጀሮ የሚለውን ቃል ነው፤ ያየው ደግሞ አባባ በአብዮት ጥበቃዎች መሐል ሲወጡ ነው። ሁለቱን አገጣጠመና ልጁ አሳልፎ ሰጣቸው አለ። አንቺ ዘንድ የደረሰው ይኸው ነው። መስጊድ ስገባ ከጎኔ ያለው ሰው ከሰላቱ ሰልፍ፣ ከሶፉ ወጥቶ ወደ ዳር ይሄዳል። ለእኔ ያጨሻት የአሲያ አባት ቃሉን አጥፏል፤ እሷ መንገድ ላይ ስታየኝ ታለቅሳለች እንጂ አታናግረኝም። አልፈርድባቸውም። እኔም እነሱን ብሆን ምን አውቃለሁ?

ከሰነበተ በኋላ ጓድ ማዕረግ ቢሮው አስጠራኝ። መልቀቂያዬና የይለፍ ወረቀቴ ተፈርመው፣ ማኅተም አርፎባቸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። «ውሰድ» አለኝ። «ሙዚየሙ እየጠበቀህ ነው፣ የያዘህ ሰው የለም።» አባባስ አልኩት። «ሸኹ ትምህርት ላይ ናቸው» አለ። መቼ ይጨርሳሉ አልኩ። «እሱ እንደ አስተማሪያቸው ነው» አለኝና በጣቱ ደረቴን ነካ አደረገው።

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ አለ። አውቶቡሱ ከወልዲያ መጥቶ በደጄ ሲያልፍ፣ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ሲጠራ እግሬ ብቻውን ይነሳል። ልብሴን ሸክፌ መልሼ ፈትቻለሁ። የታሰረ ሰው ቢያንስ በሩን የዘጋበት ሌላ ሰው ነው። እኔን በሩን ከፍተው ነው የዘጉብኝ። ብሄድ ለአባባ ምግብ የሚያደርስ የለም፤ ደረሶቹም ተበትነዋል። ብቀር ደግሞ ቀኑ ያልፋል፣ ወረቀቱም ይሞታል፣ እሳቸውም እዚያው ናቸው። ወደ ሐይቁ ወርጄ ስቀመጥ ውሃውን ዙሪያውን የያዘው ተራራ ድሮ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግድግዳ ነው።

ምግብ ሳደርስ ዘበኛው አንዳንዴ ፊቱን ያዞርልኛል። የአምባሰል ልጅ ነው፣ ሰው ነው። በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል እናወራለን። ሳላቸው ተመልሷል እማ። ያ የክረምቱ ሳል፣ አንቺ በጥቁር አዝሙድና በማር የምታስታግሽላቸው። የእህሉ ብናኝ ከወለሉ አልለቀቀም፣ መስኮትም የለው። ባለፈው «ወረቀቱን ሰጡህ አሉ» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ወደ አጥንትህ ሂድ» አሉኝ። አንቱን ጥዬ? አልኩ። ሊመልሱልኝ ሲሉ ሳሉ ያዛቸው። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ሲለቃቸው ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ «ያን የክህደት ቃል ተናግረህ እንዳታስወጣኝ። በዚያ ቃል የተከፈተ በር አልወጣበትም» አሉኝ።

እሺ አላልኳቸውም። አባባን እሺ ሳልላቸው የተለየሁበት ቀን አላስታውስም።

የፊታችን ቅዳሜ ሌላ ስብሰባ ተጠርቷል። አስተማሪው እኔው ነኝ። ድሮ አባባ ለደረሶቻቸው ሲያቀሩ የሰማሁት አንድ ነገር ሰሞኑን ከጆሮዬ አልጠፋ ብሏል። ተገዶ በምላሱ ክህደት የተናገረ፣ ልቡ ግን በኢማኑ የረጋ ሰው፣ ጌታው የሚያየው ልቡን ነው ይሉ ነበር። ይህን ሲያስተምሩ ግድግዳው ሥር ተጋድሜ የተኛሁ መስሏቸው ነበር። ሰምቻለሁ።

አብደላ እጁን ታጥቦ ወጣ። ሞተሩን እያሞቀ ነው፣ ላሳጥረው።

እንዳትመጪ። የይለፍ ወረቀት ብታገኚም እንኳ አትምጪ፣ እትዬ አራስ ናት። ለእሷ አባባ ጉንፋን ይዟቸዋል በያት። ሕፃኑን ሁለቱን ጉንጩን ሳሚልኝ። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው።

በቅርቡ ስለ እኔ ሌላ ነገር ትሰሚያለሽ፤ ከፊተኛው የከፋ ይሆናል። የሚነግርሽ ሰው በጆሮዬ ሰማሁ ብሎ ይምልልሻል። ያኔ እውነት ነው ወይ ብለሽ አትጠይቂው። ሸህ ኑርዬ ቤታቸው ገብተዋል ወይ ብለሽ ብቻ ጠይቂው። ገብተዋል ካለሽ ውዱእ አድርጊና፣ እጅሽን ዘርግተሽ ስሜን ጥሪልኝ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናው፣ ካለሽበት በሰላም ወደ ቤትሽ ይመልስሽ፣ አሚን።

ትንሹ ልጅሽ